በጣት አሻራ የታተመው እርቅ

ልጄ የመጣው ጁምዓ ቀን፣ ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ በሄዱበት ሰዓት ነው። እኔ ከሮቤ ገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ልባሽ ጨርቅ በረንዳ ላይ ዘርግቼ አጣጥፍ ነበር። በሩ ተንኳኳ። እኛ ሰፈር የሚያንኳኳ ሰው ከውጭ ጀምሮ ሰላምታውን እየደረደረ ነው የሚገባው፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ቆመ። ስከፍት ጢሙን የተላጨ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ኮት ያጠለቀ ከሲታ ሰው አየሁ። መጀመሪያ የለየሁት ትከሻውን ነው። አቅፌው ሳለሁ በትከሻው በላይ መንገዱን አየሁ። ሲሄዱ ሁለት ነበሩ። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከእሷ ጋር አንድ አጥር ነው የሚለየን። እኛ አገር ሴት ከወለደች በኋላ የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው፣ የእገሌ እናት እየተባለች። ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ እሷን የሚጠራት ሰው ሁሉ ስሙ አፉ ላይ ሲደርስ ይደናቀፍ ነበር። አንዳንዱ "እህቴ" ማለት ጀመረ። እሷ ግን "በልጄ ስም ጥሩኝ፣ አልሞተም" ትል ነበር።

እንዴት እንደሄዱ ልናገር። ልጄ በያጅ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በሁለት ዓመት ያንሰዋል፤ ሙያውን የተማረው ከእሱ ነው፣ የሚሄድበት ይሄዳል፣ የሚለብሰውን ይለብሳል። አንድ ክረምት ሁለቱም ጫት ተዉ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሌት ተቀን የምፈራው ጫቱን ነበር። ቀጥለው ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ አሳጠሩ። ከሴቶቹ ጋር ለዚያራ፣ የወልዮቹን ቦታ ልሳለም፣ ወደ ሶፍ ዑመር ልወርድ ስሰናዳ ልጄ "ይሄ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ እማ፣ እሳት ነው የሚያስገባሽ" አለኝ። ቀረሁ። ልጄ ዲኑን ከእኔ አብልጦ አወቀ ብዬ ነው የቀረሁት።

ከዚያ ደላላ አግኝተናል፣ ዱባይ ለሥራ እንሄዳለን ብለው ተነሱ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ሥር ስጠርግ የብየዳ መነጽሩንና ጓንቱን አገኘሁ። በያጅ ለብየዳ ሲሄድ መነጽሩን ጥሎ አይሄድም። ያን ጊዜ ገባኝ። ከእኛ አካባቢ ድንበር ተሻግረው ለጂሃድ የሚሄዱ ልጆች እንዳሉ በሹክሹክታ ሰምቼ ነበር። ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጎረቤቴም ጭምር። በዚያ ዘመን አምስት አምስት ቤት በአንድ ሰው ሥር ተደራጅቶ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ይጻፍ ነበር። ከአፍ የወጣ ነገር ቀበሌ ሳይደርስ አያድርም። አንድ ስብሰባ ላይ ካድሬው ወደ እኔና ወደ እሷ ዞሮ፣ "እናቶች፣ ዱባይ የሚኬደው በጊኒር በኩል ነው እንዴ?" አለ። በጊኒር በኩል የሚወጣው ወደ ሶማሌ ድንበር ነው። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ነገሩ አልገባትም ነበር። እኔ ሻርፔን አፌ ላይ ያዝኩ።

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ልጄ ብቻውን ተመለሰ። የት አለ አልኩት። ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ ትኩሳት ይዞት ሞተ አለኝ። ለእሷም እንዲሁ ነገርናት። ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛው መጥቶ በሹክሹክታ አልቅሶ ሄደ። እንደዚያ ዓይነት ልጅ ሲሞት ጮኾ የሚያለቅስ የለም፤ የሚያለቅሰውም ይጻፋልና።

በስብሰባ ላይ እጁን የሰጠ በምሕረት ይታያል እየተባለ ይነገር ስለነበር፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ሃጂ ጨምሬ ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩት። እኚህ ሃጂ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚታረቀው። አራት ወር መረመሩት። ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ በየሳምንቱ እየመጣ እንዲፈርም አድርገው ለቀቁት። ጓደኛው በትኩሳት መሞቱን ለእነሱም ተናግሯል።

ጎረቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በአጥሩ ክፍተት ወተት ይዛለት ትመጣ ነበር። ትቀመጥና ስለ ትኩሳቱ ትጠይቀዋለች። ስንት ቀን ተኛ? ማን ውሃ ሰጠው? ስሜን ጠራ ወይ? ልጄ መሬት መሬት እያየ ይመልሳል። እኔ ደግሞ እጄ ጨርቅ ቢያጥፍም ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። አንድ ቀን ሦስት ቀን ታመመ አላት። በሌላው ሳምንት ስምንት ቀን አላት። እሷ ሁለቱንም ተቀበለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እከታተለው ጀመር። ወተቱን ከጓሮ ለድመት ሲያፈስ አየሁት። ይሄ የተራበ ልጅ ነው፣ የተሰጠውን ሁሉ የሚበላ፤ የእሷን ወተት ብቻ ነው የማይጠጣው።

ጓሮ ውስጥ ያዝኩትና እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ነገረኝ። የጎረቤቴ ልጅ ከሄዱ ስድስት ወር ሳይሞላ ነው እንመለስ ማለት የጀመረው። ልጄ ቆይ ይለው ነበር። አንድ ቀን ሳይነግረው ብቻውን ተነሳ። ልጄ ጎህ ሳይቀድ ለሽንት ወጥቶ ሲመለስ በደረቁ ወንዝ በኩል ሲሄድ አየው፤ አልጠራውም። ጠዋት የታጣቂዎቹ አለቆች ልጄን ለይተው ጠሩት።

"ጓደኛህ በየት በኩል ሄደ አሉኝ። አላውቅም ብላቸው እኔን ነበር፣ እማ። በጣቴ አሳየኋቸው።"

ከቀትር በፊት መልሰው አመጡት። ሁሉም እንዲያይ አሰለፏቸውና በፊታቸው ገደሉት።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥንቁቅ ነሽ ይሉኛል ሰዎች፤ ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ነው። የፈራሁት ብዙ ነገር ነበር። እሷ ሌሎች ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፣ እያደጉ ነው። ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙ ልጄን ይገድሉታል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ወተቱ። አንዲት እናት ልጇን ለገዳዮቹ ባመለከተ እጅ ላይ በየጠዋቱ ወተት ስታስቀምጥ ዝም ብሎ ማየት ያስፈራል፣ አላህንም ያስቆጣል አልኩ። ለዚህ ነው ሃጂ ዘንድ ሄጄ ጉማ ይደረግልን ያልኳቸው። ጉማ ደም ያፈሰሰ ቤትና ደሙ የፈሰሰበት ቤት የሚታረቁበት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። በጉማ ላይ የሚዋሽ ወይም ግማሹን የሚደብቅ ሰው ዘሩ አይበረክትም ይባላል። ስለዚህ ልጄን ሁሉንም ተናገር፣ አንዲት ነገር እንዳታስቀር አልኩት። አልተከራከረኝም።

ሃጂ ሰምተው ረጅም ዱዓ አደረጉ። እሺ አሉ። ከዚያ ነው እኔ ያንን ነገር ያነሳሁት። እርቁ በጽሑፍ ይሁን አልኳቸው።

"ጉማ ወረቀት የለውም፣ ልጄ" አሉ። "ወረቀቱ የበላው ሰው ሆድ ነው።"

"እርስዎ ነገ ቢሞቱስ ሃጂ? ልጆቿ አድገው አልታረቅንም ቢሉ ማን ይመሰክርልኛል?"

ሳቁ። "አንቺ እኮ ዶሮሽ እንቁላል ስትጥል ደረሰኝ የምትጠይቂ ሴት ነሽ" አሉ። አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎችም ሳቁ። እኔ ግን አልተውኩም። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ማንበብ የምችለው ቀስ ብዬ ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ወረቀትን ያምናል። የቤቴን ካርታ፣ የአባቱን የሞት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉን በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ነው የማኖረው። እርቁም እዚያ ውስጥ ቢገባ ልጄ የሚድን መሰለኝ። ሃጂ በመጨረሻ እንደ ፈቀድሽ አሉኝ።

ከሮቤ ወጣ ብሎ ሻያ ወንዝ ዳር ተቀመጥን። እነሱ በዚያ፣ እኛ በዚህ፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። ልጄ ቆሞ ተናገረ፤ እንሂድ ብሎ ያግባባው እሱ መሆኑን፣ ቆይ ማለቱን፣ ማሳየቱን። የጎረቤቴ ወንድሞች በትራቸውን ጨብጠው ነበር። እሷ እጇን አንስታ አስቀመጠቻቸው። ወደ ልጄ ቀረብ ብላ፣ ሲሄድ ፊቱ ወደ የት ነበር ብላ ጠየቀችው። ወደ ሰሜን አላት። ወደ አገሩ ማለት ነው አለች። አዎ አላት። ቁጭ አለች። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ በጉ ታረደ፣ ከአንድ ዕቃ ታጠብን፣ ከአንድ ገበታ ቀመስን። ሃጂ ፋቲሓ አስደግመው፣ ይሄ ነገር ከዛሬ በኋላ አይነሳም አሉ።

አንድ አስተማሪ ልጄ የተናገረውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፈው። ጥሩ ጽሕፈት ነበረው። እሷ አሻራዋን አተመች፣ ሽማግሌዎቹ አተሙ፣ ልጄ ፈረመ። አውራ ጣቷን በሻሿ ጠርጋ፣ "እስቲ አሁን ደስ አለሽ?" አለችኝ። ስትለኝ በቁጣ አልነበረም። አዎ አልኳት፤ እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ዋጋ የለውም ብዬ በማግስቱ ቀበሌ ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ሊቀመንበሩ የሉም፣ ትተሽው ሂጂ አለችኝ። ትቼው ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ማኅተሙ ተመትቶ ሰጡኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ሊፈርም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አልተመለሰም። ምሳውን ይዤ ስሄድ መርማሪው የወረቀቱን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየሁ። ጽሕፈቱን ከሩቅ ለየሁት።

ዳኞች ከአዲስ አበባ መጥተው ጎባ ላይ ተቀመጡ። ተከላካይ ጠበቃው ወጣት ነው፤ ጉዳዩን በደንብ አስረዳኝ። ሄዶ መመለሱን ልጁ ራሱ አምኗል፣ እጁንም ሰጥቷል፤ ያ ብቻ ቢሆን ይቀልለት ነበር። ከባዱ ሌላ ሰው መመልመሉና ለሞት አሳልፎ መስጠቱ ነው። ያን የሚያሳይ ማስረጃ ወረቀቱ ብቻ ነው። ልጄ ለፖሊስ ስለ ወረቀቱ ቃሌን አልሰጥም ብሏል። ጽሑፉን የጻፈው አስተማሪ ተዛውሮ የት እንዳለ አልታወቀም። ሃጂ ክረምቱን ግማሽ ጎናቸው ደርቆ፣ አንደበታቸው ተይዞ ተኝተዋል። ወረቀቱ ላይ ካተሙት ሁለቱ ሽማግሌዎች ይቀራሉ፤ እነሱ ያለቀ ጉማ እንደማያነሱ አስቀድመው ነግረውኛል። "እንግዲህ በሴትየዋ ነው" አለ ጠበቃው። "አሻራው የእኔ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም ካለች ወረቀቱ ይወድቃል።"

በአጥሩ ክፍተት ገባሁ። ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ ለቀምኩ። ከዚያ ለመንኳት።

"ጉማ በልተናል" አለች። "እኔ አላነሳሁትም። ያነሳው ወረቀትሽ ነው።"

"አውቃለሁ። አልሰማሁም ብቻ በይልኝ።"

ምስሩን በእጇ መዳፍ ገፋ አደረገችው። "ልጅሽ ቢፈታ ደስ ይለኛል፣ ወላሂ። እዚያ እስር ቤት ቢበሰብስ የእኔ አይነሳም። ግን አልሰማሁም ካልኩ ልጄ በትኩሳት ነው የሞተው ማለት ነው። ያንን ትኩሳት እኔ ስታመምለት ከርሜአለሁ። ወደ ቤቱ ተነስቶ እንደነበር የሰማሁት ከልጅሽ አፍ ነው። ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ይሄን ልካድልሽ?"

ጉልበቷን ያዝኩ። አነሳችኝ። እሺም እንቢም አላለችኝም፤ እኔ ግን ዝምታዋን እሺ አድርጌ ነው ወደ ቤቴ ይዤው የገባሁት።

በችሎቱ ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ተራ በተራ ቀረቡ። አንደኛው በዚያ ቀን ታምሜ ነበር፣ የነበርኩት አካሌ ነው እንጂ ልቤ አልነበረም አሉ። ሁለተኛው ጆሮዬ አይሰማም ብለው ዓቃቤ ሕጉን ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሺ አባት፣ መቀመጥ ይችላሉ" ሲሉ፣ አመስግነው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። እኔ እንኳ ሳቅሁ፤ ልጄ ይወጣል ብዬ ልቤ ትንሽ ተንፍሶ ነበር።

ከዚያ እሷ ተጠራች። ቁርኣን ላይ እጇን ጭና ማለች። ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አቀረበላትና ይሄ አሻራ የእርስዎ ነው ወይ አላት።

"አሻራዬን በዓይኔ አላውቀውም" አለች። "የተባለውን ግን አውቃለሁ።"

ተናገረች። ልጄ በወንዙ ዳር ከተናገረው አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድም አላጎደለችም። ደረቁ ወንዝ ላይ ስትደርስ ፊቱ ወደ ሰሜን ነበር አለች፤ ዳኛው ይሄ ለጉዳዩ አያስፈልግም አሏት። ያስፈልጋል አለች። ስትጨርስ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። "ይቅር ብዬዋለሁ። እሱም ይጻፍ" አለች። ዳኛው ይጻፋል አሏት። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔን አላየኝም፣ እሷን ግን አየት አደረጋት።

ከአንድ ወር በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ፈረዱበት። የተጎጂ ቤተሰብ ይቅርታ ማድረጉ ቅጣቱን አቅልሎለታል ተብሎ ተነበበ። ምን ያህል እንደቀነሱለት አላውቅም፤ ጠበቃውን ብጠይቀው እሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። ፖሊሶቹ ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈና፣ "ወረቀቱን ባታስጽፊም እናገረው ነበር፣ እማ" አለኝ። እውነቱን ይሁን እኔን ለማጽናናት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የአጥሩን ክፍተት በእሾህ ዘጋሁት። ጉማ የበላ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። ገበያ ላይ ስንገናኝ በሌላ ረድፍ አልፋለሁ። ወሬው ሁሉ ጋ ደርሷል፤ አጠገቤ የምትሸጥ ሴት፣ "አንቺ ለጎረቤትሽ ወረቀት፣ እሷ ላንቺ ዓመት ሰጣችሁ" አለችኝ። ጨርቄን ሰብስቤ ቦታ ቀየርኩ።

ልጄ ወደ ሩቅ ማረሚያ ቤት ሊዛወር ነው የተባለ ሳምንት፣ ጎረቤቴ በዋናው በር መጣች። ውጭ ቆማ፣ ጎባ ስትሄጂ አብሬሽ ልሂድ አለችኝ። ምን ልታደርጊ አላልኳትም። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንቁን ግማሹን እሷ ያዘችልኝ።

ጎባ ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙት በሁለት አጥር ነው፤ መሐሉ ሁለት ሜትር ክፍት ስለሆነ ሁሉም ሰው ይጮኻል። አንዱ ስለ ላሙ ይጮኻል፣ አንዷ ስለ ልጁ ክትባት። ልጄ እሷን ሲያይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ወሰደ። ከዚያ ተመልሶ ሽቦውን ያዘ።

እሷ ሰላምታ ሰጠችው። እንዴት ነህ፣ ብርዱስ አለችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ሲቀብሩት ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙረውታል?" አለችው።

ልጄ ወደ እኔ አየ። እኔ በዓይኔ፣ በአንገቴም ጭምር፣ አዎ በላት አልኩት። ምን ይጎዳዋል? ፍርዱ አልቋል፤ ይሄን የሚጽፍ ዳኛ የለም፤ አዎ ቢላት ሌሊቷን ትተኛበታለች።

"አላውቅም፣ እናቴ" አላት። "እንድንቀርብ አልፈቀዱልንም።"

እሷ ራሷን ነቀነቀች። ስንቁን ለጠባቂው አቀበለችና እጇን ወደ ሽቦው ዘርግታ ቆየች፤ አይደርስም። እየጮኸች "ብርድ ልብስ ይዤልህ እመጣለሁ" አለችው። ሮቤ ስንደርስ ክፍተቱን ነገ እከፍተዋለሁ አልኳት፤ ደህና አለች።

እኔ ብሆን አዎ እላት ነበር።